ከልብስ ሰፊው መርገጫ እስከ ትራክተሩ ክንድ፦ የዘንጎችን ትስስር በእጅ የሚያስነካ የሙዚየም ማሳያ እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር፦ በገበያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በእግሩ የሚሰፋ ልብስ ሰፊን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ትንሽ ድርጊት ሳያስተውል አይቀርም። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካክሎ እግሮቹን ከመርገጫው ላይ ካሳረፈ በኋላ ወዲያውኑ አይረግጥም። በመጀመሪያ ቀኝ እጁን ሰድዶ በስፌት መኪናዋ ጎን ያለችውን ትንሽ ጎማ ወደ ራሱ ሳብ ያደርጋታል። ጎማዋ መዞር ስትጀምር እግሩ ሥራውን ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ለጨርቁ ብቻ ነው።

ይህች የእጅ ርዳታ የልማድ ጉዳይ አይደለችም። መርገጫው ከመወዛወዝ ያለፈ እንቅስቃሴ የለውም፤ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ትልቁ ጎማ ግን ሙሉ ዙር ይዞራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ቀጭን ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ እና ከጎማው መሐል ወጣ ብሎ የተተከለው ክንድ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ሲውሉ የእግር ጉልበት የቱንም ያህል ቢበረታ ዘንጉን ይገፋዋል ወይም ይስበዋል እንጂ ጎማውን ሊያዞረው አይችልም። በሙያው ቋንቋ «ሙት ነጥብ» የሚባለው ይኸው ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የጎማው ክብደት ባገኘው ፍጥነት እየገፋ ባያሻግረው ኖሮ ስፌቱ በየዙሩ ይቆም ነበር። መኪናዋ በሙት ነጥብ ላይ ቆማ ካደረች ደግሞ ጠዋት የምትነሣው በእጅ ነው።

መርገጫው፣ አገናኙ ዘንግ፣ የጎማው ክንድ እና እነዚህን ሁሉ የተሸከመው የብረት እግር በአንድነት አራት አካላት ናቸው። በፒን ወይም በብሎን በተጋጠሙ ጠንካራ ዘንጎች አንዱን ዓይነት እንቅስቃሴ ወደ ሌላ ዓይነት የሚለውጥ እንዲህ ያለ አሠራር የዘንጎች ትስስር ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ «ሊንኬጅ» ሲባል የሚሰማው ይህ ነው። የሚኒባስ ዝናብ መጥረጊያ፣ የጃንጥላ አጥንት፣ የመኪና ማንሻ ክሪክ፣ በእግር የሚረገጥ የውኃ ፓምፕ፣ የትራክተር የኋላ ክንዶች ሁሉም ከዚህ ቤተሰብ ይመደባሉ። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ደግሞ ራሱ የትስስሩ አካል ነው። ጭኑ አንድ ዘንግ፣ ከጉልበቱ በታች ያለው ቅልጥሙ ሁለተኛ ዘንግ፣ የፔዳሉ ክንድ ሦስተኛ ዘንግ፣ ኮርቻውን ከፔዳሉ እንብርት የሚያገናኘው የብስክሌቱ አካል አራተኛ ዘንግ ይሆናሉ። ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ሲል እግር ፔዳሉን ታች ድረስ ማድረስ የሚያቅተው የዘንጎቹ ርዝመት ስላልተመጣጠነ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች በየቤቱና በየማሳው ይገኛሉ፤ ሲሰበሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከአጥር ጥግ ይወድቃሉ። ከሙዚየም ቢገቡም ከመስተዋት ጀርባ ቆመው «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። የቆመ ትስስር ደግሞ የሚናገረው ነገር የለም። በሥዕል ቢቀርብም ያው ነው፤ ዘንጉ የት ደርሶ እንደሚመለስ፣ የት ላይ እንደሚከብድ የሚታወቀው እጀታው ሲዞር ነው። ጎብኚው የሚያዞረው፣ የሚፈታው፣ የሚገጥመው ማሳያ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከብት አርቢው የፊዚክስ ሊቅ

በእጅ በሚነኩ የሳይንስ ማሳያዎች ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከፊት የሚነሣው ፍራንክ ኦፐንሃይመር ናቸው። የአሜሪካውን የአቶሚክ ቦምብ ሥራ በሳይንስ በኩል የመሩት የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ሲሆኑ፣ እርሳቸውም በዚያው ሥራ የተሳተፉ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 ቀደም ሲል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበሩ በመታወቁ ከዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸው ለቀቁ። ከዚያም በኮሎራዶ ግዛት ተራሮች መካከል መሬት ይዘው ለዓመታት ከብት አረቡ። የሳር ማጨጃ ሲሰበር የሚጠግኑት፣ ላም ስትታመም የሚያስታምሙት ራሳቸው ነበሩ።

በኋላ በዚያው አካባቢ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዲያስተምሩ ተጠየቁ። ተማሪዎቻቸውን ይዘው የወዳደቁ ዕቃዎች ወደሚጣሉበት ስፍራ እየወጡ፣ ከዚያ ባገኙት ቁርጥራጭ ሙቀትን፣ መካኒክስንና ኤሌክትሪክን ያስተምሩ እንደነበር ይነገርላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ «ኤክስፕሎራቶሪየም» የተባለውን ሙዚየም ሲከፍቱም ይህን ልማድ ይዘውት ገቡ። የማሳያ ዕቃዎቹ መሥሪያ ወርክሾፕ ለጎብኚ ዓይን ክፍት ሆኖ ተቀመጠ፤ ብየዳውና መጋዙ ራሱ የጉብኝቱ ክፍል ሆነ። ሙዚየሙ የማሳያዎቹን አሠራር እንደ ምግብ ማብሰያ መመሪያ አድርጎ በመጻሕፍት አሳትሞ ሌሎች እንዲሠሯቸው ፈቀደ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙ የሳይንስ ማዕከላት የዚያ ሙዚየም ዘመዶች ናቸው።

በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር የሳይንስ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተመርቋል። ሆኖም ከዳሞት ወይም ከዋግ ሸለቆ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መጎብኘት ለአንድ አርሶ አደር ልጅ ቀላል አይደለም። የዘንጎች ትስስር ማሳያ ግን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ስክሪን አይፈልግም። ጠፍጣፋ ብረት፣ ጠንካራ ኮምፔንሳቶ፣ ብሎንና ዳዶ፣ ጥቂት ሮንዴላ እና ሥራ የሚያውቅ ብረታ ብረት ሠራተኛ በአንድ የወረዳ ከተማ ይገኛሉ። በየቀበሌው ያለ የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል አንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥበት ቦታ አያጣም።

አራት ዘንግ፣ ሦስት ቀዳዳ

ጥሩ ማሳያ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። ለዘንጎች ትስስር የሚስማማው ጥያቄ «ይህ ዘንግ ሙሉ ዙር ይዞራል ወይስ አይዞርም?» የሚለው ነው። ጎብኚው መልሱን ከማንበቡ በፊት መገመት ይችላል፤ ግምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑንም እጁ ይነግረዋል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። በጠረጴዛ ላይ ሁለት ቋሚ ፒኖች በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላሉ፤ ይህ ርቀት የማይንቀሳቀሰው ዘንግ ነው። በግራው ፒን ላይ የሚዞር ክንድ፣ በቀኙ ፒን ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ተወዛዋዥ ዘንግ ይገጠማል። ሁለቱን ጫፎች 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ አገናኝ ዘንግ ያያይዛቸዋል። የግራው ክንድ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት፤ ከመሐሉ በ10፣ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ጎብኚው የሚቀይረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አገናኙ ዘንግ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ።

በ10 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ላይ ሲገባ ክንዱ ያለ ችግር ይዞራል፤ የቀኙ ዘንግም 40 ዲግሪ ያህል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በ20 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ላይም ይዞራል፤ የቀኙ ዘንግ ውዝዋዜ ግን ከእጥፍ በላይ ጨምሮ 84 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህን ያየ ልጅ ሦስተኛው ቀዳዳ ውዝዋዜውን ይበልጥ ያሰፋዋል ብሎ መገመቱ አይቀርም። በ30 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ላይ ሲያስገባው ግን ክንዱ በቀኝም ዞረ በግራ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ማሳያው የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። ልጁ እንደገና ይሞክራል፤ ይጎነበሳል፤ ከሥር ምን እንደያዘው ይፈልጋል። የያዘው ነገር የለም። የግራው ክንድ ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ሁለቱ ዘንጎች ተዘርግተው አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደርስ ርዝመት የላቸውም።

ከዚህ በስተጀርባ ያለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1883 ያስቀመጡት ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ግራሾፍ ናቸው። የአጭሩና የረጅሙ ዘንግ ድምር ከቀሪዎቹ ሁለት ዘንጎች ድምር ካልበለጠ አጭሩ ዘንግ ሙሉ ዙር መዞር ይችላል፤ ከበለጠ ግን ከአራቱ አንዱም ሙሉ ዙር አይዞርም። ከላይ በተጠቀሰው ማሳያ ቀሪዎቹ ሁለቱ ሲደመሩ 65 ይሆናሉ። በመጀመሪያው ቀዳዳ 10 እና 40 ተደምረው 50፣ በሁለተኛው 20 እና 40 ተደምረው 60 ነው። በሦስተኛው 30 እና 40 ሲደመሩ 70 ሆነው 65ን ያልፋሉ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው መደመር ነው። ይሁንና ሕጉ በመግለጫው ሰሌዳ ላይ ከላይ በጉልህ መጻፍ የለበትም፤ ተከፍቶ በሚነበብ ክዳን ሥር ቢሆን ይሻላል። መልሱን አስቀድሞ ያነበበ ሰው እጀታውን የሚነካው ለወጉ ያህል ነው።

ከዚሁ ጠረጴዛ ጋር የአንድ አሮጌ የእግር ስፌት መኪና እግር ቢቀመጥ ትምህርቱ ይሟላል። እዚያ ላይ ነገሩ ተገልብጧል፤ ጉልበቱ የሚገባው ከሚወዛወዘው ዘንግ ሲሆን የሚዞረው ጎማው ነው። ጎብኚው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ሳይጠቀም ጎማውን ለማስነሣት ይሞክር። በሙት ነጥብ ላይ ከሆነ አይችልም፤ በሌላ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ እንደሚዞር አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል። ልብስ ሰፊ የሆነ ጎብኚ ቢገኝ ከአስረጂው የተሻለ ያስረዳል።

ብዙ እጀታ፣ ብዙ ችግር

ማሳያ የሚሠራ ሰው የሚፈተንበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። አንድ እጀታ ጥሩ ከሆነ አምስት እጀታ ይበልጥ ጥሩ ይመስለዋል። ሱ አለን እና ጆሹዋ ጉትዊል የተባሉ የኤክስፕሎራቶሪየም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ብዙ የሚነካ ነገር ያላቸው ማሳያዎች የሚወድቁባቸውን የተለመዱ ስሕተቶች ዘርዝረዋል። እኩል ጎልተው የሚታዩ ብዙ ምርጫዎች ሲኖሩ ጎብኚው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚይዟቸው እጀታዎች ሲኖሩ ደግሞ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያበላሻል። ለጌጥ ወይም ለተጨማሪ ዕውቀት የገባ ነገር ዋናውን ጉዳይ የሚሸፍንበትም ጊዜ አለ።

ለዘንጎች ትስስር ይህ ምክር በቀጥታ ይሠራል። በአራት ዘንጎች ላይ ሁለት እጀታ ቢገጠም ሁለት ልጆች ከሁለት ወገን ይጎትቱታል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይይዛል፤ ፒኑም ይጎብጣል። ስለዚህ የሚዞረው እጀታ አንድ ይሁን፤ ቀለሙም ከሌላው ሁሉ የተለየ ይሁን። ቢጫ እጀታ፣ ግራጫ ዘንጎች። ሁለት ጎብኚዎችን ማሳተፍ ካስፈለገ ለእያንዳንዱ የየራሱ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ቢሰጠው ይመረጣል፤ ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን እያየ ያወዳድራል እንጂ አይጣላም።

ሁለተኛው ነገር ምልክት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር አልፎ ይሄዳል፤ ጎብኚው የዘንጉ ጫፍ የሄደበትን መንገድ በዓይኑ ይዞ ማቆየት አይችልም። በአገናኙ ዘንግ መካከል እስክሪብቶ የሚገባበት ቀዳዳ ተሠርቶ ከሥሩ ወረቀት ቢነጠፍ ማሳያው ይሥላል። የሚወጣው ቅርጽ አንዳንዴ ዕንቁላል፣ አንዳንዴ የባቄላ ፍሬ፣ አንዳንዴም የተጣመመ ስምንት ቁጥር ይመስላል። ቀዳዳውን በትንሹ ወደ ጎን ማዛወር ብቻ ሌላ ቅርጽ ያወጣል። ጎብኚው የሣለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሙዚየም የሚወጣ ሰው በእጁ ወረቀት ይዞ ሲወጣ ወሬው በየመንደሩ ይደርሳል።

ቀጥ ያለ መስመር ለምን ያስቸግራል?

የአንድ መንደር የውኃ እጅ ፓምፕ እጀታ ከፍና ዝቅ ሲል ጫፉ የሚሄደው በቅስት ነው። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ግን ቀጥ ብሎ መውጣትና መውረድ አለበት፤ ከተወላገደ ቱቦውን ይፈጋል። ቅስቱን እንዴት አድርጎ ቀጥ ማድረግ ይቻላል? ኢንዲያ ማርክ ሁለት በተባለው ፓምፕ ውስጥ መልሱ ሰንሰለት ነው። የእጀታው የውስጥ ጫፍ እንደ ጎማ ቁራጭ ክብ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሰንሰለቱ በዚያ ክብ ላይ እየተጠመጠመ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያነሣዋል።

ይኸው ችግር ከ200 ዓመታት በፊት የእንፋሎት ሞተር ሠሪዎችን አስጨንቆ ነበር። ሰንሰለት መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ የጄምስ ዋት አዲስ ሞተር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ነበር። ዋት እ.ኤ.አ. በ1784 ያገኙት መፍትሔ የተወሰኑ ዘንጎችን በማገጣጠም ከመካከላቸው አንዱ ነጥብ ቀጥ ወዳለ መስመር እጅግ የቀረበ መንገድ እንዲሄድ ማድረግ ነበር። በስተርጅና ዘመናቸው ለልጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ከሠሯቸው ፈጠራዎች ሁሉ በዚህኛው ይበልጥ እንደሚኮሩ ገልጸዋል፤ ዓለም የሚያውቃቸው ግን በሞተሩ ነው። የዋት ዘንጎች መስመር ፍጹም ቀጥ ያለ አልነበረም። ፍጹም ቀጥ ያለውን በጠፍጣፋ ገጽ ላይ በሚሠሩ ዘንጎች ያስገኙት ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ሻርል ኒኮላ ፖሰሊዬ እ.ኤ.አ. በ1864 ሲሆን ሰባት ዘንጎች አስፈልጓቸዋል። በሁለቱ መካከል 80 ዓመታት አልፈዋል።

ለማሳያ ይህ የተዘጋጀ ሲሳይ ነው። ሁለቱ ትስስሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው እስክሪብቶ ይያዝላቸው። ጎብኚው በሁለቱም ይሥልና ማስመሪያ ያስጠጋበት። የዋት መስመር ወደ ዳር ሲደርስ መታጠፍ ይጀምራል፤ የፖሰሊዬ ግን ከማስመሪያው አይላቀቅም። አጠገባቸው የእጅ ፓምፑ ራስ ክዳኑ ተከፍቶ ቢቀመጥ ደግሞ የመንደሩ ሰው ጥያቄው የእርሱም ጥያቄ እንደነበር ይገባዋል።

የታሪክ ምሁራን እንዲህ ያሉ ትስስሮችን መሰብሰብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በጀርመናዊው ፍራንዝ ሩሎ ንድፍ የተሠሩ ከ200 በላይ የብረት ሞዴሎችን የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1882 ገዝቶ ለማስተማሪያነት አውሏቸዋል፤ ዛሬም አሉ። ሞዴሎቹ የተሠሩት ለጌጥ አልነበረም፤ ተማሪ በእጁ አዙሮ እንዲማርባቸው ነው።

ትራክተሩ ከሙዚየም ሲገባ

ለአርሶ አደሩ ከሁሉም የሚቀርበው ምናልባት የትራክተሩ የኋላ ማያያዣ ነው። ሞፈርና ቀንበር በምራን ሲያያዙ መጋጠሚያው ልል ነው፤ በሬዎቹ እኩል ባይራመዱም ሞፈሩ ይታዘዛል፤ ጥልቀቱን የሚወስነው የአራሹ እጅ ነው። ቀደምት ትራክተሮችም ማረሻውን በአንድ ነጥብ ይጎትቱት ነበር። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ግን ሞተሩ መግፋቱን ስለማያቋርጥ የትራክተሩ አፍንጫ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ሹፌሩን ሥሩ ያስቀረው ነበር። የአየርላንዱ ተወላጅ ሃሪ ፈርጉሰን ያመጡት መላ ማረሻውን በሦስት ነጥብ ማያያዝ ነው፤ ከታች ሁለት ክንድ፣ ከላይ አንድ። ከጎን ሲታይ ይህ አራት ዘንግ ነው፤ ትራክተሩ፣ የታችኛው ክንድ፣ የማረሻው ቋሚ እና የላይኛው ክንድ። ማረሻው እክል ሲገጥመው የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት ስለሚገፋው አፍንጫው እንዳይነሣ ይይዘዋል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1939 ባወጣው ትራክተር ላይ ይህ ማያያዣ ተገጥሞ ከተሰራጨ ወዲህ የዓለም ትራክተሮች የጋራ አሠራር ሆኗል።

የላይኛው ክንድ በመሐሉ ጥርስ ስላለው ሲዞር ያጥራል ወይም ይረዝማል። ሲያጥር የማረሻው አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል፤ ሲረዝም ቀና ይላል። ትራክተር ተከራይቶ የሚያሳርስ አርሶ አደር ማረሻው መሬቱን እየቧጠጠ ብቻ ሲያልፍ ካየ፣ ሹፌሩን ይህን ክንድ እንዲያስተካክል መጠየቅ ይችላል። ይህን ለማወቅ ትራክተር መግዛት አያስፈልግም። በጠረጴዛ ላይ የተሠራ ትንሽ አምሳያ፣ አሸዋ የሞላ ሳጥን እና አንድ የሚዞር ክንድ ይበቃል፤ ጎብኚው ክንዱን አሳጥሮ ይጎትታል፣ አስረዝሞ ይጎትታል፣ ከዚያም የሁለቱን ፈር ጥልቀት በጣቱ ይለካል። ከቀረቡት ማሳያዎች ሁሉ ገንዘብ የሚያድነው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ጣትና ፒን

የሚነካ ነገር ሊቆርጥም ይችላል። ሁለት ዘንጎች ሲተላለፉ በመካከላቸው የሚከፈትና የሚዘጋ ክፍተት ይፈጠራል፤ መቀስም የሚቆርጠው በዚሁ ነው። በዓለም አቀፍ የማሽን ደኅንነት ደረጃ መሠረት ጣት እንዳይጨፈለቅ የሚያስፈልገው አነስተኛ ክፍተት 25 ሚሊ ሜትር፣ ለእጅ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም ዘንጎቹ እርስ በርስ በጣም ተጠጋግተው ጣት የማይገባባቸው ይሁኑ፤ አለዚያም ሲጠጋጉ እንኳ ከዚህ ልክ በታች አይጥበቡ። ጠርዛቸው ይሞረድ። ግልጽ ፕላስቲክ የሚሸፍነው አደገኛውን ቦታ ብቻ ይሁን፤ ሁሉንም ከሸፈነው ወደ መስተዋቱ ሙዚየም ተመለስን ማለት ነው። ሞተር አለመግጠምም ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ልጅ በእጁ የሚያዞረው ነገር ሲይዘው እጁን ያቆማል፤ ሞተር ግን አያቆምም።

ሌላው ጠላት ልልነት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲዞር ቀዳዳው ይሰፋል፤ በአራት መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ሲሰፋ ድምሩ ብዙ ይሆናል፤ እስክሪብቶው የሚሥለው መስመርም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በየፒኑ የናይለን ወይም የብሮንዝ ቡሽ ማስገባት፣ ዳዶው ራሱን እንዳይፈታ ሁለት ዳዶ ደርቦ ማጥበቅ የግድ ነው።

ይህን ጠላት ራሱን ማሳያ ማድረግም ይቻላል። በልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ትስስሮች ይሠሩ፤ የአንዱ ቀዳዳ በፒኑ ልክ፣ የሌላው ሆን ተብሎ የሰፋ። ጎብኚው ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ያዙርና የትኛው ያረጀ እንደሆነ በእጁ ይለይ። በገጠር አፍሪዴቭ የተባለውን የእጅ ፓምፕ የሚንከባከቡ የውኃ ኮሚቴ አባላት ይህ ስሜት ያስፈልጋቸዋል። የፓምፑ እጀታ የሚወዛወዝባቸው የፕላስቲክ ቡሾች የመንደሩ ሰው ራሱ በቀላል መፍቻ እንዲቀይራቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ቡሹ ሲያልቅ እጀታው ወደ ጎን መጫወት ይጀምራል፤ በጊዜው ካልተቀየረ ብረቱ ብረቱን ይበላና ጥገናው ከኮሚቴው አቅም በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ጀሪካን ተሸክሞ ወደ ወንዝ መውረድ ይመጣል፤ የሚወርዱት ደግሞ እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው። ያረጀ ቡሽና አዲስ ቡሽ ጎን ለጎን በገመድ ታስረው በጠረጴዛው ላይ ቢንጠለጠሉ ከረጅም ሥልጠና የማይተናነስ ሥራ ይሠራሉ።

በካርቶን መጀመር

ብረት ከመቆረጡ በፊት ካርቶን ይቀደም። ከዕቃ መያዣ ካርቶን የተቆረጡ ዘንጎች በሚስማር ወይም በገመድ ቋጠሮ ተያይዘው አንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ይሠራሉ። ከዚያም በገበያ ቀን ሰው በሚያልፍበት ቦታ ጠረጴዛ ዘርግቶ ምንም ሳይናገሩ መመልከት ነው። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ ሠሪው ማስረዳት ይወድዳል። ነገር ግን ሰዎች የቱን መጀመሪያ እንደሚነኩ፣ የት ላይ እንደሚሰለቹ፣ ወደ ጓደኛቸው ዞረው መቼ እንደሚናገሩ የሚታየው ሠሪው ዝም ሲል ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች ተከታትለው እጀታውን በተሳሳተ አቅጣጫ ካዞሩት ስሕተቱ የእጀታው ነው። አዛውንቶች ቆመው የሚያዩትን፣ ልጆች ተንጠራርተው የማይደርሱበትን ከፍታ የሚያሳየውም ይኸው ቀን ነው።

መግለጫው በአጭር ዐረፍተ ነገርና በትልልቅ ፊደል ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ጎብኚም የእጅና የቀስት ሥዕል ይታከልበት። ማሳያው ያለ ጽሑፉ ካልገባ ጽሑፉን ማስረዘም አያድነውም።

የካርቶኑ ሥራ ሲያድግ የት እንደሚደርስ ለማየት ወደ ኔዘርላንድ መመልከት ይቻላል። ቴዎ ያንሰን የተባሉ አርቲስት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚያልፍባቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በነፋስ ኃይል የሚራመዱ ግዙፍ «እንስሳት» ይሠራሉ። የእያንዳንዱ እግር አካሄድ በ11 የዘንግ ርዝመቶች ይወሰናል፤ ልኮቹን ያገኟቸው በኮምፒዩተር እያፈላለጉ ነው። ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፤ ቱቦው በየትኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጥ ዓይነት ነው።

ማሳያው ተሠርቶ ከተተከለ በኋላም ሥራው አያልቅም። በሳምንት አንድ ቀን ብሎኖቹን የሚያጠብቅ፣ ያለቀ ቡሽ የሚቀይር፣ ወረቀት የሚያነጥፍ ሰው በስም መመደብ አለበት። ከጠረጴዛው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ሁለት መፍቻ፣ ጥቂት ትርፍ ፒንና ቡሽ፣ የቅባት ጣሳ እና አንድ እሽግ እስክሪብቶ ይቀመጣሉ። በብዛት የሚያልቀው እስክሪብቶው ነው።